ሦስተኛውን ካሴት የወሰደው ማን ነው?

«ጋሼን ጠይቁ»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን የአማርኛ ፊልምና ተከታታይ ድራማ በኢንተርኔት የምናሳይበት መድረክ ከፍተናል። ቢሯችን አራት ኪሎ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍቱ በማይሠራ ሕንፃ። ሥራ ከጀመርን ስምንተኛ ወራችን ነው። ባለፈው ወር 9,000 ያህል ሰው ገብቶ ጎብኝቶናል። ከዚያ ውስጥ 700 ሰው ተመዘገበ። የከፈለው 41 ነው። ዋጋችን በወር 199 ብር ነው። አንዱ ጓደኛዬ «ዋጋ እንቀንስ» ይላል። ሌላው «ለማስታወቂያ ገንዘብ እንጨምር» ይላል። እኔ መሐል ቆሜያለሁ። እርስዎ ድሮ ፒያሳ ቪዲዮ ቤት እንደነበረዎት በዚሁ ዓምድ አንብቤያለሁ። መጥቶ አይቶ የሚሄደውን ሰው እንዴት አድርገን ነው ከፋይ የምናደርገው? (ስሜ ይቆይልኝ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ጠዋት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አንዲት ካፌ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ አዘዝኩ። ከዚያ የናንተን መድረክ በስልኬ ከፈትኩ። ማኪያቶዬ ሳይቀዘቅዝ ከፍዬ ማየት እጀምራለሁ ብዬ ነበር።

ቀዘቀዘ።

የመጀመሪያው ገጻችሁ ያምራል፤ ፖስተሮቹን የሠራውን ልጅ አመስግኚልኝ። አንዱን ድራማ ነካሁት። «ይመዝገቡ» አለኝ። እሺ። ኢሜይል ጠየቀኝ። ኢሜይሌን የከፈተልኝ ልጄ ነው፤ የይለፍ ቃሉንም የሚያውቀው እሱ ነው። ደወልኩለት። «ስብሰባ ላይ ነኝ» አለኝ። ጠበቅኩት። ቀጥሎ አዲስ የይለፍ ቃል ፍጠር፣ ትልቅ ፊደል አስገባ፣ ቁጥር አስገባ፣ ምልክት አስገባ ተባልኩ። ከዚያ ስልክ ቁጥር። በ07 የሚጀምረውን የሳፋሪኮም ቁጥሬን ብሰጠው «ቁጥሩ ትክክል አይደለም» ብሎ መለሰው። ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው። የናንተ ፎርም ገና አልሰማም። ሌላኛውን ሲሜን ሰጠሁት። ሦስት ጥቅል ደረደረልኝ፤ ልዩነታቸው ስላልገባኝ መሐለኛውን መረጥኩ። ቴሌብርን ስነካ ወደ ሌላ አፕ ወሰደኝ። ስመለስ ደግሞ «እንደገና ይግቡ» አለኝ።

እዚያ ላይ ተውኩት። ሶፍት ላይ እየቆጠርኩ ነበር፤ 13 ጊዜ ነክቻለሁ። ከድራማው አንዲት ሰከንድ አላየሁም። 199 ብር ውድ ነው ወይስ ርካሽ የሚለው ሐሳብ ጋ ገና አልደረስኩም ነበር።

ቁጥርሽን ደግሞ እንየው። ከ9,000 ሰው 41 ማለት ከመቶ አንዱን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይኼ ነው ያስደነገጣችሁ። ግን 41ዱን ከ700ው ጋር አስተያዪው፤ ከመቶ ስድስት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ያን ሁሉ መከራ አልፎ የተመዘገበ ሰው እየከፈለ ነው ማለት ነው። ቀዳዳው ያለው 9,000ው ወደ 700 የሚወርድበት ቦታ ነው። ደጁ ላይ። ማስታወቂያ ብትጨምሩ በሚያፈስ እንስራ ውኃ ማመላለስ ነው። ዋጋ ብትቀንሱ ደግሞ ዋጋውን ሳያይ የሄደው ሰው አይሰማም።

አሁን ወደ ቪዲዮ ቤቴ ልውሰድሽ። ከሲኒማ ኢትዮጵያ ትንሽ ወረድ ብሎ ነበር። ዛሬ ብትሄጂ አታገኚውም፤ ቦታው መንገድና አበባ ሆኗል። ጠባብ ነበረች። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ከመደርደሪያው በላይ ቴሌቪዥን ሰቅዬ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ፊልም ይሄዳል፣ ድምፁን ለቀቅ አድርጌ። የሚያልፈው ሰው ይቆማል። ዝናብ ሲመጣማ ይሞላል። አሥር ደቂቃ ያህል እንደቆመ አንዱ «ይቺ ሴትዮ ባሏን ነው እንዴ የምትፈልገው?» ብሎ ይጠይቀኛል። አልመልስለትም። ካሴቱን አንስቼ አሳየዋለሁ። «መጀመሪያ መታወቂያህን አምጣ፣ ከዚያ ቀና ብለህ ታያለህ» ያልኩት ሰው የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍል ክፍት አድርጉት። ምንም ሳትጠይቁ። ሁለተኛውም ክፍት ይሁን። እሱ ሲያልቅ ስልክ ቁጥር ብቻ ጠይቁ፤ 07ም 09ም ይግባ። ኮዱን በአጭር መልእክት ላኩለት። የይለፍ ቃል የሚባለውን እርሱት። ብር የሚጠየቀው ሦስተኛው ክፍል ላይ ነው። ታዲያ ሁለተኛው ክፍል ሰውን ልቡን አንጠልጥሎ ማለቅ አለበት፤ እዚህ ላይ ከኤዲተሮቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። የአዲስ አበባን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ነበር የሚለው። እናንተን እንዲህ ያላችሁ የለም። ግን ገና ሳንተዋወቅ ኢሜይሌንም ስልኬንም ስትጠይቁኝ ትንሽ ጠረጠርኳችሁ።

ለምን ሦስተኛው ክፍል አልኩ? ደብተር ነበረኝ። ማን ምን ወሰደ፣ መቼ መለሰ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ለወር ቀድሞ የሚከፍል «አባል» የሚባል ነገርም ነበረኝ፤ በአንዴ ሁለት ካሴት ይወስዳል፣ ማስያዣ አይጠየቅም። በመጀመሪያው ዓመት የገባውን ሁሉ «አባል ሁን» እያልኩ አስቸግር ነበር። «እሺ ጋሼ፣ እመለሳለሁ» ይሉኛል። አዲስ አበባ ውስጥ «እመለሳለሁ» ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ።

አንድ የክረምት ማታ መብራት ጠፍቶ ደብተሩን በሻማ ሳገላብጥ ነው ነገሩ የበራልኝ። አባል የሆኑት ሰዎች፣ ሁሉም ማለት ይቻላል፣ ከዚያ በፊት ሦስት ካሴት ወስደዋል። የመጀመሪያውን ካሴት ሰው ዝናብ አስጠግቶት ይወስዳል። ሁለተኛውን የሚወስደው የመጀመሪያውን ሊመልስ ስለመጣ ነው፤ እግረ መንገዱን። ለሦስተኛው ግን አስቦ ነው ከቤቱ የወጣው። ከዚያ በኋላ የአባልነትን ነገር የማነሳው ሦስተኛ ካሴት ለያዘ ሰው ብቻ ሆነ። ብዙ ማውራት እንኳ አያስፈልገኝም ነበር።

አንቺም ደብተሩ አለሽ፤ ኮምፒውተሩ ይዞልሻል። ባለፉት ሁለት ሳምንታት በሦስት የተለያዩ ቀናት የመጣው ማን ነው? አስወጪው። 200 ሰው ከሆነ ሥራሽ ከ200 ሰው ጋር ነው። ለነሱ «የመጀመሪያው ወር በግማሽ ዋጋ» ብትዪ ያምርብሻል። ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ቅናሽ መበተን ግን ራስን ማርከስ ነው።

አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገብቷል። የመክፈያው ቁልፍ ላይ «ሰብስክራይብ» ብላችሁ ጽፋችኋል። በዚህ ከተማ ሰብስክራይብ ማለት ነጻ ነገር ነው። ያስተማረን ዩቲዩብ ነው። «ላይክ፣ ሼር፣ ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ!» ሲባል የከረመ ጆሮ፣ ያንን ቁልፍ ነክቶ 199 ብር ሲመጣበት የተሸወደ ይመስለዋል። ማንም አልሸወደውም፤ ግን ተቀይሞ የሚወጣው ከናንተ ቤት ነው። «ወር ሙሉ በ199 ብር ይዩ» ብላችሁ ጻፉ። ብሩ ቁልፉ ላይ ይታይ።

ሦስቱን ጥቅል አፍርሱት። ወር ይኑር፣ ከሱ ጋር የቅዳሜና እሁድ ይኑር። የቀንና የሳምንት ጥቅል መግዛት ሰዉ ከቴሌ ለምዶታል። እኔም ቅዳሜ የወጣ ካሴት ሰኞ ይመለስ ነበር፤ የዕለት ሒሳብ ብቻ ነበር የማስከፍለው። እናንተ ከዓርብ ማታ እስከ እሁድ ማታ 60 ብር በሉት። አራት ጊዜ የከፈለ ሰው 240 ብር አወጣ ማለት ነው። ሁለተኛው ላይ ራሱ ሒሳብ መሥራት ይጀምራል፤ እናንተ ምንም አትበሉ።

የባንኩ ክፍያማ አሳቀኝ። ደረሰኙን ስክሪን ሾት አድርጎ በቴሌግራም ይላክ ትላላችሁ። የሚቀበለው ልጅ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ዘግቶ ይሄዳል። ድራማ የሚታየው መቼ ነው? ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ እራት ተበልቶ፣ ልጆች ተኝተው። በዚያ ሰዓት የከፈለ ሰው እስኪነጋ ይጠብቅ ነው? እስኪነጋ ሞቅታው ይበርዳል። ወይ ክፍያውን ራሱ የሚያረጋግጥ ሥርዓት አስገቡ፣ ወይ አንዳችሁ እስከ 5 ሰዓት ተረኛ ሁኑ። አራተኛ ፎቅ መውጣት አይጠይቅም፤ ከአልጋም ይሆናል።

«30 ቀን በነጻ» የሚል ሐሳብ ካላችሁ ተዉት። ውጭ አገር ይኼ የሚሠራው ካርድ አስቀድሞ ስለሚያዝ ነው፤ ቀኑ ሲሞላ ራሱ ይቆርጣል። ኔትፍሊክስ እንኳ አሜሪካ ውስጥ በ2020 እ.ኤ.አ. አቁሞታል። የናንተ ደንበኛ በየወሩ ፒኑን ራሱ አስገብቶ ነው የሚከፍለው። ነጻው ሲያልቅ በሌላ ሲም ይመጣባችኋል።

ይልቅ ጳጉሜን አለችላችሁ። የኛ ወር 30 ቀን ነው። ጥቅላችሁም 30 ቀን ከሆነ፣ በ5 የከፈለ ሰው በሚቀጥለውም ወር በ5 ነው የሚከፍለው። ለማስታወስ አይከብድም። ይኼን የምታዛባው ጳጉሜን ብቻ ናት፤ አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። እሷን ለሁሉም ሰው ክፍት አድርጉ። ለከፈለው ምርቃት ትሆነዋለች፤ ላልከፈለው መቅመሻ። መስከረም 1 በሩ ይዘጋል፣ ሰዉም የበዓል ዕለት ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይዟል።

ዳታውን እንዳትረሺ። ደንበኛሽ ሁለት ጊዜ ነው የሚከፍለው፤ ለናንተና ለዳታ። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚሄድ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። ግማሹን ካደረጋችሁት የ45 ደቂቃ ክፍል 170 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ይኼን ከፖስተሩ ሥር ጻፉለት። ቢሮ ዋይፋይ ላይ አውርዶ ታክሲ ውስጥ ይየው። ተወዳዳሪሽ ኔትፍሊክስ እንዳይመስልሽ። ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭነው ልጅ ነው። እሱ ኢሜይል አይጠይቅም፣ ዳታ አይበላም። በዚያ ላይ ፊት አይቶ «ይቺን ይውሰዷት ማዘር፣ ይወዷታል» ይላል። እናንተ ግን ምረጡ ብላችሁ መቶ ፖስተር ነው የምትደፉት። ለአዲስ ሰው አንዷን መርጣችሁ አቅርቡለት።

ከ41ዱ ስንቱ ውጭ አገር እንደሚኖር አልጻፍሽልኝም። ቁጠሪያቸው። ዋሽንግተን ያለ ልጅ እዚህ ላለች እናቱ የሞባይል ካርድ እንደሚሞላው ሁሉ፣ የእናቱን ስልክ ቁጥር አስገብቶ የአንድ ወር ድራማ የሚከፍልላት ቁልፍ ይኑራችሁ። «ለእማዬ» በሉት። እሷ ምንም መንካት የለባትም፤ መልእክቱ ሲመጣላት ከፍታ ታያለች።

ደግሞ ሰዓት። በጥር 2016 እ.ኤ.አ. ኔትፍሊክስ ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ 130 አገሮች በአንድ ቀን ገባ። በዚያው ዓመት የውጭ ድራማ በአማርኛ የሚያሳየው ቃና ቴሌቪዥን ጀመረ። ሰፈሩ ስለየትኛው ሲያወራ እንደከረመ ታስታውሺያለሽ። ነጻ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በአማርኛ ተናገረ፣ በሰዓቱም መጣ። በዚያ ሰዓት ድስት ያሳረረ ቤት ስንት ነው! እናንተ አዲስ ክፍል የምትለቁት መቼ ነው? «እንደደረሰልን» ካላችሁ፣ ሰዉም እንደደረሰለት ይከፍላል። ቀንና ሰዓት ቁረጡ።

የ07ን ነገር ግን ዛሬውኑ አስተካክሉ። ስትጨርሱ ጻፊልኝ፤ እዚያችው ካፌ ሄጄ እንደገና እሞክራለሁ። ማኪያቶው በናንተ ሒሳብ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የመጀመሪያ ፊልሜን ሠርቼ ሲኒማ ቤት አንድ ወር ታይቷል። አሁን አንድ የኢንተርኔት መድረክ «ለኛ ብቻ ስጠን» ብሎኛል። ወንድሜ ደግሞ «ዩቲዩብ ላይ ልቀቀው» ይለኛል። የቱ ይሻለኛል? (ከስታዲየም)

መልስ፦ ሁለቱም፣ ግን በተራ። ዩቲዩብ ላይ ከወጣ በኋላ ለዚያ ፊልም ብር የሚከፍል አታገኝም። ስለዚህ የሚከፈልበት ይቅደም። ደግሞ ዩቲዩብ በረጅም ቪዲዮ ከማስታወቂያ ገቢ እንዲያካፍልህ ቻናልህ 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ይጠየቃል። ባዶ ቻናል ይዘህ ከተነሳህ ጊዜ ይወስድብሃል።

«ለኛ ብቻ» የምትለዋ ቃል ግን ዋጋ አላት። ለስንት ወር ነው? ለአገር ውስጥ ነው ወይስ ለውጭም? ውጭ ያለው ሐበሻ በዶላር ነው የሚከፍለው፤ እሱን በ«ብቻ» ጠቅልለህ እንዳትሰጥ። ክፍያውስ አንዴ ነው ወይስ በታየው ልክ? በታየው ልክ ከሆነ ቁጥሩን በራስህ ስልክ ማየት አለብህ። «እኛ እንነግርሃለን» የሚል ውል አትፈርም። የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ነው፤ ከመፈረምህ በፊት አንብበው። ሁሉንም በጽሑፍ አድርገው። በእጅ መጨባበጥ የተዋዋልኩትን አንድ ነገር ዛሬም ሳስበው ጨጓራዬን ያመኛል።

እስከዚያው የመጀመሪያውን 20 ደቂቃ ዩቲዩብ ላይ መልቀቅ እንዲፈቀድልህ ጠይቅ። ታሪኩ ሲቋጠር ቁረጠውና የቀረው የት እንደሚታይ ንገራቸው። መድረኩም ይጠቀማል፤ እምቢ ካሉህ ሥራቸውን አያውቁም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ልጆቼ የውጭ ፊልም የሚያዩበት አፕ ነበር። የሚከፈለው አሜሪካ ባለችው እኅቴ ካርድ ነው። ፈተና ስለደረሰባቸው ከስልካቸው ላይ አጠፋሁት። እኅቴ ግን አሁንም በየወሩ ይቆረጥብኛል አለችኝ። (የልጆች እናት፣ ከካዛንቺስ)

መልስ፦ እኅቴ፣ አፑን ከስልክ ማጥፋት ክፍያውን አያቋርጠውም። ክፍያው የሚቆመው በተጀመረበት ቦታ ነው። በአይፎን በኩል ከተጀመረ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብታ ስሟን ስትነካ «ሰብስክሪፕሽንስ» የሚል ታገኛለች። በአንድሮይድ ከሆነ ፕሌይ ስቶርን ከፍታ የራሷን ምስል ትንካ፤ «ፔይመንትስ ኤንድ ሰብስክሪፕሽንስ» ይላል። ሁለቱም ጋ ካጣችው የተከፈለው በድረ ገጹ ነው፤ በተመዘገበበት ኢሜይል ገብታ ከአካውንቱ ገጽ ላይ ታቋርጠው። የማረጋገጫ ኢሜይሉን አታጥፋው።

ከላይ የጻፈችልኝ የአራት ኪሎዋ ልጅም ይቺን ታንብብልኝ። ማቋረጫውን መደበቅ እኔ ከሠራሁት ስሕተት ጋር አንድ ነው። አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ካሴት አራት ቀን አዘገየብኝ። ቅጣቱ 8 ብር ነው አልኩት። እናቱ መጥታ ከፈለች፤ አንድ ቃል አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ግቢ ማንም አልመጣም። ግቢው ውስጥ ሰባት አባወራ ነበር። ኔትፍሊክስ በ1999 እ.ኤ.አ. በወር አንዴ የሚከፈልበትን፣ የመዘግየት ቅጣት የሌለበትን የዲቪዲ ኪራይ ሲጀምር፣ እኔ ፒያሳ ቁጭ ብዬ 8 ብር እየቆጠርኩ ነበር።

ለልጆቹ መልካም ፈተና ይሁንላቸው። ሲጨርሱ ተመልሰው ማየት ከፈለጉ እኅትዎ እንደገና ለመክፈል ሁለት ደቂቃ አይፈጅባትም።